የአየር ጠመንጃን እንደ መጫወቻም እንደ አቋራጭም አንየው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በአንባቢያን ዓምድ ላይ ስለ አደን የአየር ጠመንጃ (በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር ስለሚተኩስ መሣሪያ) የቀረቡ ሁለት አስተያየቶችን አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ መሣሪያው በልጅነታችን ወፍ ከምናባርርበት የተለየ እንዳልሆነና አዋቂ ሰው ገንዘቡን ሊያባክንበት እንደማይገባ ይናገራሉ። ሁለተኛው ደግሞ ያለ ምርመራና ያለ ምዝገባ የሚገኝ፣ ከባሩድ ጠመንጃ የማይተናነስ መሣሪያ ነው በማለት እጁ ብረት የለመደ ሁሉ በጋራዡ ውስጥ እንዲሠራው ይመክራሉ። እኔ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በቶርኖ ሥራ የኖርሁ፣ በእረፍት ጊዜዬም ለራሴና ለጥቂት ወዳጆቼ ትልቅ ካሊበር (በኢንች የሚለካ የአፈሙዝ ቀዳዳ ወርድ) ያላቸው የአየር ጠመንጃዎችን የሠራሁ ሰው ነኝ። ሁለቱም አስተያየቶች አንባቢን ወደ አደጋ ይመራሉ ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

መጫወቻ ነው ለሚሉት፣ መሣሪያው በጦር ሜዳ የዋለ መሆኑን ማስታወስ እወዳለሁ። የኦስትሪያ ጦር ባርቶሎሜዎስ ጂራርዶኒ የተባለው የቲሮል ሰው የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. ከ1780 ጀምሮ ለወታደሮቹ አስታጥቆ ነበር። አየሩ የሚታመቀው በሰደፉ ውስጥ ሲሆን፣ ያንን ለመሙላት የእጅ ፓምፑን 1500 ጊዜ ያህል መግፋት ይጠይቅ ነበር። አሜሪካዊው መኮንን ሜሪዌዘር ሉዊስ እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1806 ወደ አሜሪካ ምዕራብ ባደረገው ጉዞ የያዘውም ይኸው ዓይነት ጠመንጃ እንደነበር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ሉዊስ የጉዞ ማስታወሻውን የጀመረበት የኦገስት 30 ቀን 1803 ጽሑፍ የሚተርከው ስለዚሁ ጠመንጃ ነው። ከፒትስበርግ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ 7 ጊዜ ተኩሶ ለተሰበሰበው ሰው ካሳየ በኋላ፣ አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ሰጠው፤ ጠመንጃውም በዚያ ሰው እጅ ባረቀ። እርሳሱ 40 ያርድ ያህል ርቃ ቆማ የነበረችን ሴት ባርኔጣ በስቶ ጆሮ ግንዷን ቆረጣት። ወድቃ ደሟ ሲፈስ ሰዉ ሁሉ የሞተች መስሎት ነበር፤ ደግነቱ ቁስሉ ለሞት የሚያደርስ ስላልነበረ ወዲያው ነቃች። ይህ የሆነው አየር በእጅ በሚሞላበት ዘመን፣ ዛሬ ከምንጠቀምበት ግፊት እጅግ ባነሰ ግፊት ነው።

ከባሩድ ጠመንጃ አይተናነስም ለሚሉት ደግሞ የአሠራሩን ነገር በጥቂቱ ላስረዳ። በ0.308 ካሊበር የባሩድ ጠመንጃ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 62,000 ፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ የግፊት መለኪያ) ሊደርስ ይችላል። የአየር ጠመንጃ ግን የሚሠራው አስቀድሞ ከ3000 እስከ 4500 ፒ.ኤስ.አይ. በታመቀ አየር ነው። ሠሪው ይህን ልዩነት ማካካስ የሚችለው እርሳሱን በማወፈር፣ አፈሙዙን በማስረዘምና አየሩን የሚለቀው ቫልቭ ተከፍቶ የሚቆይበትን እጅግ አጭር ጊዜ ከሁለቱ ጋር በማስማማት ብቻ ነው። የእርሳሱ ወርድ እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚገፋው ገጽ 4 እጥፍ ስለሚሰፋ፣ ለትልቅ እንስሳ የሚሠሩት ሁሉ ወፍራም እርሳስ የሚተኩሱት በዚህ ምክንያት ነው። የሥራው ጥበብም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቫልቩን ከሚመታው መዶሻ ኋላ ያለው ሞላ ከጠነከረ እርሳሱ ከወጣ በኋላም አየር ይባክናል፤ ከላላም እርሳሱ አፈሙዙን ሳይጨርስ ግፊቱ ይቋረጣል። አንዷን ሞላ ሩብ ዙር እያጠበቅሁ፣ እያንዳንዱን ተኩስ በፍጥነት መለኪያ እየመዘገብሁ ሙሉ ቅዳሜ ያሳለፍሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎም በአንድ ሙሌት የሚገኙት አስተማማኝ ተኩሶች ብዙውን ጊዜ 3 ቢሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግፊቱ ስለሚወርድ እርሳሱ ከታለመበት ዝቅ ብሎ ይመታል።

ጉልበቱንም በቁጥር እንየው። እዚሁ ፎርት ወርዝ የሚመረተው ቴክሳን የተባለው ጠመንጃ በ0.45 ካሊበር ከ500 ፉት ፓውንድ (የተኩስ ጉልበት መለኪያ) በላይ ያወጣል፤ የ0.308 የባሩድ ጠመንጃ ደግሞ ወደ 2600 ይጠጋል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2018 አጋዘንን በአየር ጠመንጃ ማደን ስትፈቅድ ዝቅተኛ ወሰን አስቀምጣለች፤ ካሊበሩ ከ0.30 ማነስ የለበትም፣ እርሳሱም 150 ግሬን (ወደ 10 ግራም) ከብዶ በሴኮንድ 800 ጫማ መውጣት አለበት፣ ወይም በሌላ ክብደትና ፍጥነት ቢያንስ 215 ፉት ፓውንድ ማስገኘት ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የፌዴራል ሕግ የአየር ጠመንጃን ከጦር መሣሪያ የማይቆጥረው እርሳሱን የሚያስወጣው ፈንጂ ባለመሆኑ ነው። ይህ ግን አዳኙን ከአደን ፈቃድ ነፃ አያደርገውም፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ወዲህ የተወለደ ሰው በቴክሳስ ለማደን የአዳኞችን ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው።

እንድጽፍ ይበልጥ የገፋፋኝ ግን ባለፈው ክረምት የገጠመኝ ነገር ነው። የአንድ ወዳጄ የእኅት ልጅ፣ ጨዋና ሠራተኛ ወጣት፣ አንድ ክንድ የሚያህል የብረት ቧንቧ በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ጋራዤ መጣ። ሁለቱን ጫፎች ጥርስ አውጥቼለት የጠመንጃው አየር ማከማቻ እንዳደርግለት ለመነኝ። ቧንቧውን በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ስናየው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበየደበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የውሃ ቧንቧ ነበር። የመኪናውን ጎማ በስንት እንደሚነፋ ጠየቅሁት፤ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. አለኝ። በዚህ ቧንቧ ሊሞላ ያሰበው 3000 ነበር። ጥርስ ሲወጣበት ደግሞ የግድግዳው ውፍረት ከግማሽ በታች ይቀራል፤ ያንኑ ቧንቧ እንደ ሰደፍ ጉንጩ ላይ አስደግፎ ነበር የሚያነጣጥረው። አልሠራለትም አልሁት፤ ቅር ብሎት ሄደ።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሲሊንደር ለከፍተኛ ግፊት ታስቦ የተመረተና የዲ.ኦ.ቲ. (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ማህተም የታተመበት ነው። በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ ለ3000 የተሠራው የብረት ሲሊንደር በፍተሻው 5000 ይጫንበታል። ፍተሻው በውሃ የሚሆነውም ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ሲሊንደሩ ቢሰነጠቅ እንኳ ስብርባሪው እንዳይወረወር ነው። ከባለሙያ ሳይማሩ የሚጀምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚስቱት ሌላ ነገር ደግሞ ዘይት ነው። ከፍተኛ ግፊት ባለበት ክፍል ውስጥ የማሽን ዘይት ጠብ ማለት የለበትም፤ አየር በድንገት ሲታመቅ ስለሚግል ዘይቱ ተቀጣጥሎ ቫልቩን ሊያፈነዳ ይችላል። አየር እንዳያመልጥ የሚይዙትን ጎሚኒዎች የምንቀባው በሲሊኮን ቅባት ነው።

ስለ ርቀትም ዝም ማለት አልችልም። የእነዚህ ጠመንጃዎች እርሳስ በአብዛኛው ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚጓዝ ቶሎ ይወድቃል። በ50 ሜትር ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 270 ሜትር ያህል ከሆነ፣ በ100 ሜትር ላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህም በአጋዘን ሳንባና በእግሩ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በተጨማሪም ዝግተኛና ከባድ እርሳስ የሚገድለው እንደ ፈጣን ጥይት አካልን በማናወጥ ሳይሆን በሚበሳው ቀዳዳ ስለሆነ፣ ቦታውን የሳተ አዳኝ እንስሳውን አሠቃይቶ ጫካ ውስጥ ያጣዋል። እኔ ከ60 ሜትር በላይ አልተኩስም። በኅዳር አንድ ማለዳ ከጎኔ የተቀመጠው ወዳጄ 110 ሜትር ላይ የቆመ ወንድ አጋዘን አይቶ ቃታው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ እጄን በመነጽሩ ፊት አድርጌ ከለከልሁት። ከ1 ሰዓት በኋላ አንዲት ሴት አጋዘን በ45 ሜትር መጣች፤ ሳንባዋን ተመትታ 50 እርምጃ ያህል ሮጣ ወደቀች። የደሙን ጠብታ በደረቅ የኦክ ቅጠል ላይ እየተከተልን አገኘናት፤ እርሳሱ በሁለቱ ጎድኖቿ አልፎ ወጥቶ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በሬ ሲታረድ ቢላው እንዲሳል፣ ከብቱም እንዳይንገላታ ሲነገረው ላደገ ሰው ይህን መጠንቀቅ ከባድ አይመስለኝም።

በመጨረሻም እንዲህ ያለውን ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ መሣሪያ አይባልም ብሎ በሻንጣ ወደ አገር ቤት ለመውሰድ ወይም ለዘመድ ለመላክ የሚያስብ አንባቢ ካለ ይህን እንዳያደርግ አደራ እላለሁ። የአሜሪካ ሕግ የሰጠው ትርጉም ድንበር አይሻገርም። በብሪታንያ ከ12 ፉት ፓውንድ በላይ የሚያወጣ የአየር ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ከጉዞ በፊት የሚመለከተውን አካል በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጋዜጣው ሁለተኛው አስተያየት ላይ በጋራዥ ስለ መሥራት የተሰጠውን ምክር እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያ ወጣት ይህን ካነበበ ደግሞ፣ ቧንቧውን ጥሎ ማህተም ያለበት ሲሊንደር ይዞ ቢመጣ የቀረውን ሥራ ያለ ክፍያ አብሬው እሠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዳላስ አካባቢ፣ ቴክሳስ የሚኖሩ አንባቢ