ስለ አሮጊቷ ቀይ ፓንዳ
በእንስሳት ማቆያ ስላረጀችውና ሕዝቡ ስለሚወዳት ቀይ ፓንዳ (ድመት የምታህል የእስያ አውሬ ናት) ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ነው የምጽፈው። ሰው ለአውሬ እንዲህ መንሰፍሰፉ ሞኝነት ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ቀይ ፓንዳ በሂማሊያ ዱር ቀርከሃ እየበላች ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት እምብዛም አትዘልቅም፣ ማቆያ ውስጥ 15 ከደፈነች ግን የጠባቂዎቿ ልፋት አለበትና ሕዝቡ ቢወዳት ምን ይገርማል?

እኔን የሚቆጨኝ የኛ የወሎዬዎቹ ነገር ነው። በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ አለችን። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከከፉ ጠላቶቿ አንዱ ደግሞ ከራሳችን ውሾች የሚተላለፍባት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ደሴ ውስጥ ስንቱ ልጅ መልኳን ያውቃል? እንጃ!

እናም ጋዜጣችሁ በነዚህ ተራሮች ዙሪያ ውሻ የሚከተብበትን ቀን አስቀድሞ ያውጣልን፤ ከጎኑም የቀበሮዋን ፎቶ፣ ትልቅ አድርጋችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ