ለዘይኔ፣ ስለ ልጅሽና ስለ ሐላዋው

ውድ ዘይኔ፣

እንዴት ከረምሽ? ቤተሰቡስ? ይህን ያህል ዓመት ድምፃችን የጠፋበትን ጥፋት እኩል እንካፈለውና ወደ ጉዳይሽ ልግባ። ሁለት ነገር ነው የጠየቅሽኝ። አንዱ፣ ጅዳ ሳለሽ አንድ ቀን ያልተበላሸብሽ ሐላዋ፣ ያ ከስኳርና ከሎሚ የሚፈላው የፀጉር ማንሻ፣ ደሴ ከገባሽ ወዲህ ለምን ድንጋይ እንደሚሆንብሽ ነው። ሁለተኛው የልጅሽ ነገር ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ በእግሯ ፀጉር ስለሳቁባት ተደብቃ የአባቷን ምላጭ አንስታለች። ከልጅሽ ልጀምር።

አብሽሪ፣ አትቆጫት። የ13 ዓመት ልጅ እግር ላይ ፀጉር መብቀሉ በሽታ አይደለም። በጉርምስና ጊዜ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ስሱን ፀጉር ያጠቁሩታል፣ ያወፍሩታል፤ በወንድም በሴትም። ሐኪሞች የሴት ፀጉር ከልክ አልፎ እንደሆነ ሲመረምሩ 9 ቦታ ያያሉ፤ የላይኛው ከንፈር፣ አገጭ፣ ደረት፣ ከእምብርት በላይ፣ ከእምብርት በታች፣ ከክርን በላይ ያለው ክንድ፣ ጭን፣ የጀርባ ላይኛውና ታችኛው ክፍል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣሉ። ድምሩ 8 ገደማ ሲደርስ ነው ምክንያት የሚፈለገው። ባት ከነጭራሹ አይቆጠርም! የሳቁባት ልጆች የሳቁት ሐኪም እንኳ በማይቆጥረው ቦታ ነው፤ ይህን ንገሪያት።

አንቺ ልብ የምትይው ሌላ ነው። አገጯና ደረቷ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፀጉር ከበዛ፣ ብጉሩ አልለቅ ካለና የወር አበባዋ እየተዛባ ከቀጠለ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ቢዘበራረቅ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ቢወርና ድምጿ ቢጎረንን ግን አትዘግዪ፤ ከኦቫሪ ወይም ከአድሬናል እጢ የሚመጣ እብጠት ሊኖር ይችላል።

የሚያናድደኝ «ንጽሕና» የሚለው ቃል ነው። የእግር ፀጉር ቆሻሻ ነው ያለ ማነው? በእምነትሽ ያለውን አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ ሐዲሱ ብብት መንጨትንና የኀፍረት ፀጉር መላጨትን ከፊጥራ፣ ማለትም ከሰው ተፈጥሯዊ ልማድ፣ ይቆጥራል፣ ከ40 ቀን እንዳያልፍም ወሰን ያበጃል። ባት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅንድብ መንቀልን እንዲያውም ያወግዛል። ይኸው ሆኖ ሳለ ሳሎን ውስጥ ቅንድቧን ተቀንድባ የጨረሰች ሴት የሌላዋን እግር አይታ «ምነው አልጸዳሽም» ትላለች። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን እስኪሆን ድረስ ሴት ብብቷን ትላጭ የሚል ልማድ አልነበራቸውም፤ ለሴት ተብሎ የተሠራው የጂሌት መላጫ ገበያ የወጣው በ1915 እ.ኤ.አ. ነው። ልጅሽ ከጥንት የነበረ ሕግ የመሰላት ነገር ዕድሜው መቶ ዓመት ቢሆን ነው። በእናቶቻችን ጊዜ ባት በረጅም ቀሚስ ሥር ነበር፣ የሚያየውም የሚፈርድበትም አልነበረም። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ወንድ ልጅ እግሩ ጫካ ቢሆን ማን ይስቅበታል?

ስለዚህ ምርጫውን ለእሷ ተይላት። ትተወው ካለች ትተወው። ላንሳው ካለች ግን በደንብ ይሁን። ምላጩ የእሷ ብቻ መሆን አለበት፤ ከአባቷም ከእህቷም ጋር መጋራት የለም፣ ምክንያቱም ዓይን የማያየው ደም ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን ሊያሻግር ይችላል። እግሯን ለ3 ደቂቃ ያህል በለብ ያለ ውሃ ታርጥብ፣ ሳሙና ትቀባ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ሳትጫን ትላጭ። «ከላጨሽው ይወፍራል» ለሚሏት መልስ አለ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ለክታ መላጨት ፀጉር እንደማያወፍር አሳይታለች። ወፍሮ የሚመስለው የሾለው ጫፍ ተቆርጦ ደንዳናው ስለሚቀር ነው።

አሁን ሐላዋው። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የደሴ ከፍታ ነው። ጅዳ ባሕር ዳርቻ ናት፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። እኔ ያለሁበት ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ፣ አንቺ ጋ በ92 ገደማ ነው። ጅዳ ሐላዋውን የምታወርጂበትን 118 ዲግሪ ደሴ ላይ ስትጠብቂ ከስኳሩ ውስጥ ከሚገባው በላይ ውሃ ተንኖ ያልቃል፣ ሲበርድም ከረሜላ ይሆናል። ቴርሞሜትርሽን መጀመሪያ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቺውና ባሳየሽ ቁጥር ላይ 18 ጨምሪ። ላንቺ ወደ 110 ይመጣል።

መጠኑ 200 ግራም ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ነው። ሎሚውን አትቀንሺ፤ ስኳሩን ሰብሮ ተመልሶ እንዳይሻክር የሚያደርገው አሲዱ ነው። ስኳሩ እስኪሟሟ አማስይ፣ ከፈላ በኋላ ማንኪያ አታስገቢ፣ አለዚያ ፍሬ ይቋጥራል። ከሰል ላይ ከሆነ ድስቱ ከወረደም በኋላ ሙቀት ይዞ ስለሚያበስል ትንሽ ቀድመሽ አውርጂ። በቀለም ብቻ አትተማመኚ፣ ኃይለኛ እሳት ሳይበስል ያጠቁረዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጠብ ስታደርጊው ልስልስ ድቡልቡል ከሆነ ደርሷል። ከደረቀብሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምረሽ በቀስታ አሙቂው። ከቀጠነ ሁለት ደቂቃ መልሰሽ አፍይው። ክረምት ላይ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ።

ፀጉሩ የሩዝ ፍሬ ያህል ይርዘም፤ ካጠረ አይያዝም። ቆዳው ታጥቦ ይድረቅ፣ ትንሽ ፓውደር ይነስነስበት። ሐላዋውን መጀመሪያ የእጅ አንጓሽ ላይ ሞክሪው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቂ። ከፀጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ለጥፈሽ፣ ቆዳውን በሌላው እጅ ወጥረሽ፣ አበቃቀሉን ተከትለሽ ፈጥነሽ ምዘዢው። ወደ ላይ ከሳብሽው ቆዳው ይላጣል። ብብት ላይ ፀጉሩ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚበቅል በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍለሽ አንሺ። አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አትመላለሺ፤ የቀረውን በወረንጦ ልቀሚው።

ከዚያ በኋላ የወሎ ሴት የምትሳሳተው ወይባ፣ ማለትም የጢስ መታጠኑ፣ ላይ ነው። ፀጉሩ እንደተነሳ ጢስ መግባት የተከፈተውን ቀዳዳ በሙቀትና በላብ ያስቆጣዋል፣ ብጉንጅም ያስከትላል። ጢሱ ይቅደም፣ ፀጉሩ በማግስቱ ይነሳ። ለሙሽራም ቢሆን ከሠርጉ ሦስት ቀን በፊት ይለቅ፤ በዋዜማው የሚደረገው በቀይ ሽፍታ ነው የሚያስመርቃት። የእኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ተመልሶ ወደ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሳምንት ሁለቴ በሸካራ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማሸት ይረዳል። የገባውን በመርፌ መቆፈር ጠባሳና ጥቁር ነጥብ ያተርፋል። ብብት ሥር ንፍፊት ከወጣና ትኩሳት ካለ ሐኪም ቤት ነው።

ቴርሞሜትር ካጣሽ እኔ ጋ ሁለት አለ፤ ቅዳሜ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ አንዱን እልክልሻለሁ። ልጅሽ ምን እንደመረጠች ጻፊልኝ፣ እንደ በፊቱ አትጥፊ፣ እኔም አልጠፋም።

ያንቺው፣
አስካለ
ከኮምቦልቻ