ለወንድሜ፦ ስለ ባሱና ስለ ሜሞሪው

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ዝምታዬ እንደምትወቅሰኝ አውቃለሁ፤ አንተም አልጻፍክምና ዕዳችን ተቻችሏል እንበል። እዚህ ጅማ ክረምቱ ከብዷል፤ ሒርማታ ገበያ ጭቃ ነው፣ ሥራ ግን አለ።

ብዕር ያስነሳኝ የእህትህ ወሬ ነው። ቡና ልትገዛ መጥታ ሱቄ ጎራ አለችና፣ ያን የኢንቴል ኮር ቱ ኳድ ኪው 6600 ፕሮሰሰር ያለውን ኮምፒውተርህን ኦቨርክሎክ ለማድረግ (ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ለማስሮጥ) ሌሊቱን እያፈጠጥክ እንደምታድር፣ ሜሞሪውን ወደ ላይ በገፋኸው ቁጥርም ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ እንደሚዘጋ ነገረችኝ። ኧረ ወንድሜ፣ በከንቱ ነው የምትደክመው!

የዚህ ፕሮሰሰር ባስ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪው ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 266 ሜጋኸርዝ ነው፤ በማባዣው በ9 ስታባዛው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 2.4 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ባሱ በአንድ ምት አራት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ሻጮቹ 1066 ይሉታል፤ ትልቅ ቁጥር መቼም ገበያ ይስባል። በዚህ ፍጥነት የሚያሳልፈው በሰከንድ 8.5 ጊጋባይት ያህል ነው። በሁለት ቻናል (በሁለት መስመር ጎን ለጎን) የሚሠራ፣ ዲዲአር 2-533 የሚባለው ሜሞሪም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። አንተ ግን ባሱን ሳትነካ ሜሞሪውን 800 እና ከዚያም በላይ አስሮጥከው። የቡና መፈልፈያውን ታውቀዋለህ፤ ከላይ የቱንም ያህል ብትከምርበት ጉሮሮው ከሚያሳልፈው በላይ አይወርድም። የምላሽ ጊዜው በጥቂቱ ያጥር ይሆናል፤ ለዚያች ስትል ግን እንቅልፍህን አትጣ።

እኔ ብሆን ባሱን ወደ 400 አወጣና ማባዣውን ወደ 8 እቀንሳለሁ፤ 3.2 ጊጋኸርዝ። የሜሞሪውን ምጣኔ ከባሱ ጋር 1 ለ 1 አድርገው። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የምትገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) መጀመሪያ 533 ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ ባሱን ስታሳድግ አብሮ አድጎ 800 ላይ ይቆማል። ያኔ ሁለቱም 12.8 ጊጋባይት ያሳልፋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ግን አትንካ። በመጀመሪያ ማባዣውን 6 አድርገህ ባሱን 400 አድርስ፤ ፕሮሰሰሩ እዚያው 2.4 ላይ ስለሚቆይ፣ ቢዘጋ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ወይም የሜሞሪው መሆኑን ታውቃለህ። ሌሊቱን በሜምቴስት፣ በሜሞሪ መፈተሻው ፕሮግራም፣ ፈትሸው። (እኛ ጋ መብራት ስለሚቆራረጥ አንድ ሙሉ ሌሊት መፈተሽ ራሱ ዕድል ይጠይቃል።) ያለ ስሕተት ካደረ ብቻ ማባዣውን ወደ 7፣ ከዚያ ወደ 8 ውጣ። ተጨማሪ ካርዶች የሚሰኩባቸውን መስመሮች፣ የፒሲአይን ድግግሞሽ በ33፣ የፒሲአይ ኤክስፕረስን በ100 ሜጋኸርዝ መቆለፍ አትርሳ፤ ከባሱ ጋር አብረው ከወጡ በሃርድ ዲስክህ ላይ ያለውን መረጃ ሊያበላሹብህ ይችላሉ። የዲዲአር 2 መደበኛ ቮልቴጅ 1.8 ነው፤ ሜሞሪው ላይ ከተለጠፈው ቁጥር አትለፍ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀትም እንደ ቆላው አያነሳልህም፤ ማራገቢያውን አጽዳ።

ኢንቴል ይህን ባስ እ.ኤ.አ. በ2008 በኮር አይ 7 ተወው፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ደግሞ የሜሞሪ መቆጣጠሪያውን ከ2003 ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከቶት ነበር። አሮጌው ማሽን ግን ጥሩ አስተማሪ ነውና አትሽጠው።

ባሱን፣ ማባዣውንና ቮልቴጁን በየደረጃው መዝግበህ ላክልኝ፤ የማዘርቦርዱን ሞዴልም ጨምርበት። የእማማን ቡና በእህትህ እጅ ልኬአለሁ።

ወንድምህ፣ ከጅማ