የሬዲዮው የሙዚቃ ሰዓትና አሮጌ ካሴቶቹ

ይህ ደብዳቤ በድሬዳዋ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በየሳምንቱ ስለሚቀርበው የሙዚቃ ዝግጅት ላወጣችሁት ጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት ነው። አቅራቢው ምስጋና ይገባዋል፤ የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛ፣ የሐረሪና የአማርኛ ዘፈኖችን በአንድ ሰዓት አስማምቶ ማሰለፍ ቀላል አይደለም። የዘፋኙን ስም ዘፈኑ ሲያልቅ መድገሙም ትልቅ ነገር ነው፤ ሬዲዮውን መሀል ላይ የከፈተ ሰው መግቢያውን አልሰማማ!

ቅር የሚያሰኘው አሮጌ ካሴቶችን በቀጥታ ከማጫወቻው ማስተላለፉ ነው። የድሬ ሙቀትና አቧራ ክሩን ይጎዳዋል፤ ሄዱ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፤ ክሩ ተጠምጥሞ ከተበጠሰ ደግሞ ምትክ የሌለው ቅጂ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ካሴቶቹ አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይገልበጡ። ሄዱ በጥጥና በአልኮል ይጠረግ፣ ካሴቱ እስከ ጫፍ ተጠንጥኖ ይመለስ፣ ከዚያ ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ በሚቀንሰው በኤምፒ3 ሳይሆን ድምፁን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በዋቭ፣ ይቀዳ። ባለ60 ደቂቃ ካሴት ሁለቱም ገጽ በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ በሳምንት ሁለት ቢገለበጥ በዓመት 104 ካሴት ይተርፋል።

ከአንድ አድማጭ፣ ድሬዳዋ