የንባብ ክበብ፦ ከዘሪ ጋር የከረምንበት ዓመት

የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ንባብ ክበብ ዘንድሮ ብዙ ጊዜውን የሰጠው ለአንድ የኢራን ልቦለድ ነው። የሲሚን ዳኔሽቫር «ሳቩሹን» በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ በኢራናዊት ሴት የተጻፈ የመጀመሪያው ረጅም ልቦለድ ይባላል። ያነበብነው በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሺራዝ ውስጥ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሰፍሯል፤ እህል ጠፍቷል።

ለውይይቱ መነሻ የሶሲዮሎጂስቱን የሪቻርድ ኤመርሰንን ሐሳብ ሰጠኋቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. የጻፈው ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በእኛ ላይ ያለው ሥልጣን እኛ እሱን የምንፈልገውን ያህል ነው። ተማሪዎቹ በዚህ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ይመዝኑ ጀመር።

ባለርስቱ ዩሱፍ እህሉን ለውጭ ጦር አልሸጥም፣ ለገበሬዎቼ ነው ይላል። ከአገረ ገዢው የሚፈልገው የለም፤ አይፈራም። ወንድሙ ግን የምክር ቤት ወንበር ይፈልጋልና ደጅ ይጠናል። የዩሱፍ ሚስት ዘሪ ደግሞ የምትፈልገው የቤቷን ሰላም ነው። በአገረ ገዢው ልጅ ሰርግ ላይ የመረግድ ጉትቻዋን ለሙሽራዋ ለአንድ ምሽት አውሺ ተባለች። ሰጠች። ጉትቻው በዚያው ቀረ። ቀጥሎ የልጇን ፈረስ ጠየቁ።

አንዳንዶቹ ዘሪን ፈሪ አሏት። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን «እምቢ ብትል ዋጋውን የሚከፍሉት እኮ ልጆቿ ናቸው» ብላ ሞገተች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

በጣም የቆየንበት ግን ሌላ ቦታ ነው። ዩሱፍ የፈረሱን ጉዳይ ሲሰማ ዘሪን በጥፊ ይመታታል። ለባለሥልጣን የማይንበረከከው ሰው! ዘሪም ድፍረቷን የነጠቃት እሱ ራሱ መሆኑን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ወንዶች ተማሪዎቻችን ይህን ምዕራፍ ቶሎ እንዲያልፉት አልፈለግሁም፤ ሁለተኛ አነበብነው። ከዚያ በኋላ «ዩሱፍ ጀግና ነው» የሚለው አስተያየት «ግን» የምትል ቃል ሳይከተላት አልተነገረም።

ዘሪ ለእስረኞችና ለአእምሮ ሕሙማን ዳቦና ተምር ትወስዳለች፤ ስለት አለባት። አንድ ተማሪ «ይኼ ምላሽ የማይጠብቅ ስጦታ ነው» አለ። ጓደኛው «ስለትም እኮ ከፈጣሪ ጋር መለዋወጥ ነው» አለችው። ክርክሩ ሚኒ ሚዲያ ላይ ቀርቦም አልተቋጨም።

መጨረሻ ላይ ዩሱፍ ይገደላል፤ ያቺ ሰላም ፈላጊ ዘሪ ቀብሩ በአደባባይ እንዲሆን ትቆርጣለች። የዓመቱ መዝጊያ ጽሑፍም በዚሁ ላይ ነበር፦ አሁን እሷን በምን ይይዟታል? ብዙዎቹ «በምንም» ብለው ጻፉ። ጥቂቶች ልጆቿን ጠቀሱ። ጽሑፎቹ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ገብታችሁ አንብቧቸው።