ቅዳሜ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ስለምንወስደው ናሙና

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

አጽድተን ችግኝ የተከልንበት የትንሹ አቃቂ ዳርቻ አረንጓዴ ለብሷል። ይህ ልብ ቢያሞቅም አፈሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት የሚጠቀሙበት ክሮሚየም የተባለ ብረት ነክ ንጥረ ነገር ከፍሳሽ ጋር ወንዝ ሲገባ አብዛኛው ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ውኃው ጠርቶ ቢታይ እንኳ ጭቃው ለዓመታት የተጠራቀመ ብክለት ሊይዝ ይችላል፤ የክረምት ጎርፍ ደግሞ ያንኑ ጭቃ አንሥቶ ችግኞቻችን ሥር ያስቀምጠዋል። በዚህ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ጎረቤቶች ስላሉን ጉዳዩ ያሳስበኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ውኃም ደለልም እንወስዳለን። የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ከሚገባበት በላይ፣ ከበታቹ፣ ከዚያም ከተከላው መሬት። የላይኛው ናሙና እንዳይዘለል አደራ፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ማንንም አያሳምንም። የብረት አካፋ አታምጡ፤ ብረቱ ራሱ ናሙናውን ሊበክል ስለሚችል የፕላስቲክ ማንኪያ ይሻላል። የጎማ ጓንትና ቦቲ ግዴታ ነው። በየጠርሙሱ ላይ ቦታውና ሰዓቱ ወዲያው ይጻፍ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ልኬት ለመስኖም ሆነ ለደለል አይሠራም፤ ውጤቱን ስናነብ እንዳናምታታው።

ውጤቱ እስኪደርሰን ድረስ የየትኛውንም ፋብሪካ ስም አንጥራ፤ ልጆችንም ከጭቃው እናርቅ።