ለወረዳችን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ዛጎሏ ተመዝግባለች ወይ?

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ደብዳቤ በእጄ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ላይ የ"ገቢ" ማኅተም አርፎበታል፤ መልስ ግን የለም። አራተኛውን አገር ያንብበው ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማ ሸለቆ እየወረድኩ ቅሪተ አካል እፈልጋለሁ። ሰፈሩ "ድንጋይ ለቃሚው" ይለኛል፤ ቅር አይለኝም። ታች ያለው የኖራ ድንጋይ የባሕር ዛጎል የሞላበት ነው። ከሱ በላይ ያለው የጭቃ ድንጋይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከዚህ ሸለቆ የዳይኖሰር ጥርስ ሳይቀር ተገኝቷል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ የቡና ሲኒ የምታህል ነገር ከአፈሩ ብቅ ብላ አየሁ። የተሰበረው ጎኗ እንደ ዳቦ ውስጥ የተበሳሳ ነው። ምላሴን ባስነካት ያዝ አደረገችኝ። (አይሳቁ፤ አጥንት መሆኑን የምንለይበት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው።) ከጎኗ ሌላ ጫፍ ይታያል። አልነቀልኳትም። መጠኗ እንዲታወቅ እስክሪብቶ አጠገቧ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁ። ቦታውን በእጄ ሳልኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሯችሁ በር ላይ ነበርኩ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ለእርስዎ አላስተምርም። ያገኘ ሰው ወዲያው ያሳውቅ፣ እስኪረከቡትም ይጠብቅ ይላል። አሳወቅኩ፣ ጠበቅኩ። መንግሥት በበኩሉ መርምሮ ሊረከብና ሊመዘግብ ስድስት ወር አለው። ከእናንተ የሚፈለገው ለበላይ ማስተላለፍ ብቻ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው"፣ "በጀት የለም"፣ "መኪናው ጋራዥ ነው" ነው። ቦታው እኮ ከአስፋልቱ በእግር 40 ደቂቃ ነው!

ሚያዝያ ላይ ለተማሪዎቼ ላሳይ አምስት ዛጎል በቦርሳ ይዤ ስመጣ ኬላ ላይ ተያዝኩ። ያለ ፈቃድ ማንሳቴ ጥፋት ነው፣ አልክድም። የገረመኝ ፍጥነታችሁ ነው። ለአጥንቷ አንድ ሰው ያጣ ቢሮ፣ እኔን ለመመርመር በአንድ ሰዓት ሦስት ሰው አገኘ። ቃሌን ሰጠሁ፣ ፈረምኩ፣ ዛጎሎቹ እዚያው ቀሩ።

ኅዳር ላይ የመንገድ ሥራው ደረሰ። ዶዘሩ ቁልቁለቱን ቆርጦ አፈሩን ወደ ገደል ገፋው። ኦፕሬተሩን አልወቅስም፤ ማን ነግሮት? ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ፍርስራሹን ስፈትሽ ዋልኩ። ምንም። የአዞ ይሁን የኤሊ፣ ወይስ የዳይኖሰር፣ አሁን ማንም ሊለየው አይችልም።

በ2008 ዓ.ም. አፋር፣ ሚሮ ዶራ ላይ፣ አንድ የአካባቢው ሰው የመንጋጋ ቁራጭ አግኝቶ ተናገረ። የሰው ዘር ቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ሊያዩ ሄዱ። ተፈልጎ ቀሪው ሲገኝ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የጥንት ሰው ዘር የራስ ቅል ሆነ። ያን ቀን ሰውየው "መኪናው ጋራዥ ነው" ቢባል ኖሮስ?

ባለፈው ሳምንት ቢሯችሁ ገባሁ። ከዛጎሎቼ ትልቋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋስ እንዳይወስደው ወረቀት ተጭናለች። አጎንብሼ አየሁት፤ የውሎ አበል መጠየቂያ ነው።

እስቲ ይንገሩኝ። የመዝገብ ቁጥሯ ስንት ነው? አራቱስ የት ገቡ? እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ኮፒ በእጄ አለ፤ "አምስት" ይላል።